«የተማረ ይግደለኝ» የሚል አያት፣ «የተማረ የት ደረሰ?» የሚል የልጅ ልጅ፣ መሀል ላይ እኔ

የመሀል_ሰው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። ያለፈው እሁድ ምሳ ላይ የተባለ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እዚህ ልጣለውና አብረን እንየው።

አባቴ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። 69 ዓመቱ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ምሳ እየበላን አባቴ እንደ ልማዱ «በእኛ ጊዜ» ብሎ ጀመረ። ልጄ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቀለ። ኩራዙ መጣ። የሁለት ሰዓት የእግር መንገዱ መጣ። ለአምስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ መጣ። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጨረሻ ላይ «ድሮ እኮ የተማረ ይግደለኝ ይባል ነበር» አለ።

ልጄ ጉርሻውን ሳይውጥ «አያቴ፣ አሁን የተማረ የት ደረሰ ነው የሚባለው» አለው።

«አባትህ ደርሷል» አለ አባቴ። እኔን ማለቱ ነው።

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። «አባቢ፣ ማስተርስህን ከያዝክ በኋላ ደመወዝህ ስንት ጨመረ?»

ጥያቄው ተንኮል የለበትም። ልጁም ተንኮለኛ አይደለም። ግን እናቱ ወጥ ልትጨምር ተነሳች፣ አባቴ ትሪውን ማየት ጀመረ፣ እኔም የምለው ጠፋኝ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ። 10ኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ዘንድሮ መኪና ገዛ። እኔ በማስተርሴ ታክሲ ተሰልፌ ነው የምውለው። ልጄ ሁለታችንንም በየቀኑ ያየናል።

«ሰነፍ ነው» ብዬ እንዳልገላገል ደግሞ ሰነፍ አይደለም። የኳስ ቪዲዮ ለማቀናበር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ፊዚክስ ሲሆን ግን በ15 ደቂቃ እንቅልፉ ይመጣል።

እኔ በ1992 ማትሪክ የወሰድኩ ነኝ። አባቴ ያለኝን አምኜ ቸክዬ ተማርኩ። አሁን ልጄን በምን አፌ «አጥና» ልበለው? እናንተ ቤት ምን ትላላችሁ?

ጠመኔ

ልጄ፣ 37 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እንዳትቀየመኝ፣ ልጅህ ሰነፍ ነው። ለሚወደው ነገር ማምሸትማ ማን ያቅተዋል? ትጋት የሚታወቀው በማይወዱት ነገር ላይ ነው።

እኛ ከገጠር መጥተን ከተማ ቤት ተከራይተን ነበር የምንማረው። ለአራት አንድ ክፍል። ሰኞ ማለዳ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን እንገባለን። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። አርብ ፈተና አለ። በባዶ ሆድ ተፈትነን ቅዳሜ በእግራችን ወደ ቤት። ወላጅ አስተማሪውን «ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ» ብሎ ነበር የሚያስረክበን። ዛሬ አንድ ተማሪ ብትቆጣ እናቱ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ናት።

ውጤቱን ደግሞ አየነው። የ2014 12ኛ ክፍል ፈተናን ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ወሰደ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም። 3.3 በመቶ! 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔ ያን ቀን ራዲዮኑን ዘግቼ ነው የተኛሁት።

የሦስት_ልጆች_እናት

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ግን ኩራዙንና በሶውን ይተዉልን። እኛ ቤት ባለቤቴ የኩራዝ ታሪክ ሲጀምር ትንሿ ልጄ ተነስታ መብራት ታጠፋለች። «እንዲመችህ ብዬ ነው» ትለዋለች።

ሬሜዲያል_ነኝ

ጋሽ ጠመኔ፣ በአክብሮት ነው የምጽፈው። «የዚህ ዘመን ልጅ ሰነፍ ነው» ሲባል ግን ደሜ ይፈላል።

የእኔን ዘመን ልቁጠርልዎት። 8ኛ ክፍል ሳለሁ ኮሮና መጣ፣ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ። 10ኛ ክፍል ሳለሁ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ከቤት ወጥተን በእግር ሄድን። ደብተሬን ይዤ ነበር የወጣሁት፣ መንገድ ላይ ግን ለእሳት ማያያዣ ሆነ። ስንመለስ ክፍላችን ወንበር አልነበረውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተማርን። የኬሚስትሪ አስተማሪ ለወራት አልመጣልንም። 11ኛ ክፍልን እንዲህ ጨርሼ 12ኛ ገባሁ።

በ2016 ተፈተንኩ። በመላው አገር 5.4 በመቶ አለፈ። እኔ 50 አልሞላሁም። ከትምህርት ቤታችን ያለፉት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሬሜዲያል ገባሁ፣ ማለፊያው ላልሞላን የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው። እዚያ ያየሁትን ልንገርዎት። የመኝታ ክፍላችን መብራት ሲጠፋ ልጆች ኮሪደር ላይ ቆመው ያነባሉ። ቆመው! ተቀምጠው ካነበቡ ስለሚተኙ ነው።

ኩራዝ የለንም። ፓወር ባንክ አለን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ሁሉም ተምሮ ማን ይነግድ? ሼባዎች ዘመኑ አልፏል። ልጁን ስልክ ጥገና አስገቡትና ገላግሉት።

የሦስት_ልጆች_እናት

አንተ ዝም ብለህ አንብብ።

ኮብል_2005

እኔ ከአባትየውና ከልጁ መሀል የወደቅኩ ነኝ። ስለኛ የሚያወራ ሰው ስለሌለ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ነው፣ ፕላዝማ በመጣበት ዓመት። የማታስታውሱት ካላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቀላል። አስተማሪው ይከፍተውና ጥግ ይቀመጣል። ቲቪው ላይ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። ከዚያ ራሷ ትመልስና «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። እኛ ገና ጥያቄውን አልሰማንም። መብራት ከሄደ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ «በጣም ጥሩ» ስንባል ነው ያደግነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ 70/30 መጣ። ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። እኔ የምፈልገው ታሪክ ነበር። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ደረሰኝ። አባቴ ግን በደስታ በግ አረደ። ኢንጂነር ልጅ! አምስት ዓመት ታገልኩ። ላብራቶሪው አዲስ ነበር፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ግን አይገኝም ነበር። ብዙውን ነገር ሥዕሉን አይቼ ነው የተመረቅኩት።

በ2005 ጋዋኔን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ኖርኩ። «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ሲገኝ ለሁለት ቦታ መቶ ሰው ይሰለፋል። ያኔ የመንግሥት ሰዎች በየመድረኩ «ሥራ አትናቁ፣ ኮብልስቶን አለ» ይሉን ነበር። ጥቃቅን ገባሁ፣ በማኅበር ተደራጀን፣ ድንጋይ ጠረብኩ። ሥራውን አልናቅኩትም። እጄ ተላጠ እንጂ አላፈርኩም። ያፈርኩት አባቴ በመንገድ ሲያልፍ ያየኝ ቀን ነው። ቀረብ አለና ድንጋዩን አየ። «ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶዬን ማታ ስገባ አጣሁት። እናቴ «አቧራ ሊጠርግለት ነው ያወረደው» አለች። ከዚያ ወዲህ አልተሰቀለም።

አሁን ብሎኬት አመርታለሁ፣ ደህና ነኝ። ግን የመሀል ሰው ሆይ፣ የልጅህ ትውልድ «የተማረ የት ደረሰ» የሚለውን ከየት ያመጣው ይመስልሃል? ከእኛ ነው። ታናናሾቻችን ቆመው ያዩን ነበር።

ጠመኔ

ኮብል፣ የፎቶው ነገር ሆዴን በላው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ሁሉ ሆኖ አሁን ብሎኬት ስታመርት ሒሳብህን የምትይዘው፣ ማሽኑ ሲበላሽ የምታየው በምንህ ነው? በተማርከው አይደለም?

ኮብል_2005

በተማርኩት ነው ጋሼ። የማሽኑን ሞተር ራሴ ነው የምፈታው። ግን ይህንን ለ17 ዓመት ልጅ እንዴት ትነግረዋለህ? «አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ተማር፣ አንድ ቀን የብሎኬት ማሽን ሲቆምብህ ይጠቅምሃል» ይባላል?

የሌሊት_ኮደር

ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ነው።

ትልልቆች ጥረት የሚሉት ነገር የሚታይ መሆን አለበት። መጽሐፍ ተገልጦ፣ አንገት ተደፍቶ፣ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ። አባቴ ስልክ ይዤ ካየኝ «አሁንም ጌም ነህ?» ይላል። እኔ ዩቲዩብ ላይ ኮድ እየተማርኩ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮቹን ሥልጠና የጨረስኩት ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ነው። ሰርተፊኬቱን ሳሳየው «ማኅተሙ የታለ?» አለኝ። በጣም ነው የሳቅኩት፣ ከዚያ ትንሽ አዘንኩ።

በሌላ በኩል የግቢው ሃንድአውት ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። እሱን ሸምድጄ ፈተና አልፋለሁ። ከፈተና ማግስት ይጠፋል። ሌሊት በራሴ የተማርኩት ግን አይጠፋም። በሱ ነው ትንንሽ ሥራ እየሠራሁ የኪሴን የምሸፍነው። ታዲያ የቱ ነው ትምህርቴ? ውጤት የሚሰጠኝ ነው ወይስ ብር የሚሰጠኝ?

አዎ፣ አሳይንመንት በቻትጂፒቲ የሚያሠራ ሞልቷል። እኔም አሠርቼ አውቃለሁ። መምህሩ ራሱ ጥያቄውን በሱ አውጥቶት እንደነበር ግን እናውቅ ነበር።

ጠመኔ

አየህ! ኩረጃ ማለት ይኸው ነው።

የሦስት_ልጆች_እናት

ጋሼ፣ በእርስዎ ዘመን አጤሬራ አልነበረም ሊሉን ነው?

ጠመኔ

ነበረ። እኔ ራሴ ካልሲዬ ውስጥ ይዤ አውቃለሁ። የታሪክ ፈተና ነበር። ግን አጤሬራ ለመጻፍ ሙሉ ሌሊት ስለሚፈጅ ጽፌ ስጨርስ ሁሉን አውቄው ነበር። ሳላወጣው ተፈተንኩ። የእናንተው ማሽን ይህን አያደርግም።

የሌሊት_ኮደር

ጋሼ ይቺን ተቀብያለሁ 😂

የሪያድ_እህት

ሥራ ላይ ነኝ፣ በአጭሩ። ረጅም ከሆነም ይቅርታ።

8ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አባቴ ሲሞት እኔ ትልቋ ስለሆንኩ ወጣሁ። የመጀመሪያውን የሥራ ውል በአረብኛ ጽፈው ሰጡኝ። አውራ ጣት አልነካሁበትም፣ ስሜን አሳምሬ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አላወቅኩም። ያወቅኩት እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው። «የተማረ የት ደረሰ» የሚል ልጅ እኔ ጋ ይደውልልኝ፣ ያልተማረ የት እንደሚደርስ እነግረዋለሁ።

ወንድሜን በግል ትምህርት ቤት የማስተምረው እኔ ነኝ። 10ኛ ክፍል ነው። በየወሩ ክፍያ እልካለሁ። ባለፈው ሳምንት በድምጽ መልእክት «ስልኬ አርጅቷል፣ ጓደኞቼ ፊት አፍራለሁ» አለኝ። እኔ ያንን የሰማሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ የእንግዳ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ነው። አለቀስኩ። ከዚያ ስልኩን ላክሁለት። ሞኝ ነኝ።

ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት። ወንድሜ የሚያየው እኔን ነው። ያልተማረችው እህቱ ለእናቷ ቤት ሠራች። ዲፕሎማ ያለው አጎታችን ወር ሲደርስ ከእናቴ ይበደራል፣ ብሩ የኔ ነው። ልጁ ከዚህ ሁሉ ምን ይማር? እኔ በስልክ «አጥና» እላለሁ፣ የላክሁት ብር ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረዋል። ቤቱን እንዴት እንደሠራሁት፣ ወገቤን፣ የኩላሊቴን ነገር አልነገርኩትም። ፎቶ ስልክ እንኳ ጥሩ ልብስ ለብሼ ነው።

ሬሜዲያል_ነኝ

እህት ዓለም፣ ንገሪው። ፎቶውንም ሥራ ላይ ሆነሽ ላኪለት።

የመሀል_ሰው

እህቴ፣ አጎትሽ እኔን መሰለኝ። እየቀለድኩ አይደለም።

ቨርጂኒያ_ሾፌር

እኔ ውጭ ሆኜ ስለ ሌላው ጫፍ ልንገራችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ አሁን እነዳለሁ። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ውጤቷ ኤ ነው። ደስታዬን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ባለፈው ክረምት «አይስክሬም ቤት ልቀጠር ነው» አለችኝ።

ዓለም ዞረችብኝ። «ምን ጎደለብሽ? እኔ ሌሊት የምነዳው አንቺ እንድታጠኚ አይደለም?» አልኳት። ውስጤ ግን ሌላም ነገር ነበረ። የማውቃቸው ሰዎች መጥተው «የእገሌ ልጅ አይስክሬም ትሸጣለች» እንዳይሉ ነው። እሷ ገባት። «ዳዲ፣ የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ሥራ የሠራሽው ምንድን ነው የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ ልተወው?» አለችኝ። የትምህርት ቤቷን አማካሪ ጠየቅኩ። «ግሩም ነው!» አለችኝ። እኔ ላማርር ሄጄ ተመርቄ ተመለስኩ።

እኛ ሥራን የትምህርት ጠላት አድርገን ነው ያደግነው። ቤት ውስጥ «ተማሪ ነው፣ አትረብሹት» ይባላል። ሳህን እንኳ አላነሳሁም። የሚገርመው ይህን ሁሉ ሳላነሳ ተምሬ አሜሪካ የመጀመሪያ ሥራዬ ሳህን ማጠብ ነበር።

ሬሜዲያል_ነኝ

«ተማሪ ነው አትረብሹት» ለወንድ ነው። እኔ 12ኛ ክፍል ሆኜ እንጀራ እጋግር ነበር። ወንድሜ ክፍሉን ዘግቶ ያጠናል፣ ሻይ የማስገባለት እኔ ነኝ። ምጣዱ አጠገብ ባዮሎጂ ደብተሬን ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅዬ አነብ ነበር። እስከ ዛሬ ሚቶኮንድሪያ ሲባል የአብሲት ሽታ ይመጣብኛል።

እና ጋሽ ጠመኔ፣ ያቺ የ3.3 በመቶ ነገር። 2014 ላይ ድንገት ሁሉም አልሰነፈም። ያን ዓመት ነው ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተዛወረው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2008 ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ አይደል የተሰረዘው? ውጤቱ የወደቀው ተማሪው ስለተለወጠ ሳይሆን መስተዋቱ ስለተጠረገ ነው። ያስተማሩን ደግሞ ተማሪዎች አይደሉም።

ጠመኔ

ልጄ፣ መልስሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊቱን ስገላበጥ ነበር ያደርኩት። ለዚህ መድረክ ያልተናገርኩት ነገር አለ።

እኔ ክሪስማስ ግራጁዌት ነኝ። የዛሬ ልጆች ቃሉን አታውቁትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲወጣ በገና ሰሞን የሚባረር ማለት ነው። በ1970 ገባሁ። ከሰፈራችን የመጀመሪያው ነበርኩ። ሲሸኙኝ አገር ነበር የወጣው። ጥር ላይ ፍራሼን ጠቅልዬ አውቶቡስ ተራ ተቀመጥኩ። ወደ ቤት መሄድ አፍሬ ሦስት ቀን እዚያው ነው የቆየሁት። ሬሜዲያል የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። በ1972 መቱ ተመደብኩ። ቀን ልጆቹን፣ ማታ መሠረተ ትምህርት። ገበሬዎች ሲያርሱ ውለው ይመጣሉ። እጃቸው ስለደነደነ እርሳሱ ይሰበርባቸዋል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ስማቸውን ለመጻፍ አራት ወር ፈጀባቸው። የጻፉ ቀን ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ሥራ አልተቀጠሩበትም፣ ደመወዝ አልጨመረላቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ባመጣ ቁጥር «አንብብልኝ፣ ከዚያ ነው የምፈርመው» ይሉ ነበር።

37 ዓመት ስለ ኩራዝ ያወራሁት ስለ አውቶቡስ ተራው ላለማውራት ይሆናል። ስለዚህ ሰነፍ ያልኩትን አንስቻለሁ። ለልጅህም፣ ለአንቺም።

ሬሜዲያል_ነኝ

ጋሼ 🙏🏾 እኔ አልፌያለሁ። ነርሲንግ እየተማርኩ ነው አሁን። ቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር።

ጠመኔ

እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ሼባ ያልኩትን እኔም አንስቻለሁ።

የመሀል_ሰው

ቤቶች፣ ዛሬ እሁድ ነው፣ ወሬ አለኝ።

ክሩን ለአባቴ አነበብኩለት፣ ዓይኑ ስለደከመ። የኮብልን የፎቶ ታሪክ ሲሰማ «አቁም» አለኝ። የጋሽ ጠመኔን ሲሰማ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ። ይዞ የመጣው አሮጌ የብስኩት ጣሳ ነው። የመሬት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ የእናቴ ፎቶ፣ ከዚያ አንድ ቢጫ የሆነ ወረቀት። የምደባ ደብዳቤው ነበር። 1974 ዓ.ም.፣ ጎሬ፣ ኢሉባቦር፣ ደመወዝ 500 ብር።

ልጄ ወረቀቱን እንደ ሙዚየም ዕቃ በሁለት እጁ ያዘው።

«የት አመልክተህ ነው አያቴ?»

«ማመልከት ምንድን ነው? ስም ዝርዝር ተለጠፈ፣ አየሁ፣ ሄድኩ።»

«ኢንተርቪውስ?»

«ማን ነው እኔን የሚጠይቀኝ? ተምሬያለሁ እኮ።»

«የሥራ ልምድ አልጠየቁህም?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን እያለ ነው ይሄ ልጅ?»

ልጄ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። 44 ዓመት በጣሳ ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ዛሬ ሌላ ወረቀት የሆነበት መሰለኝ። ቆይቶ «ለአንተ እንዲህ ዓይነት አይሰጡህም?» አለው ልጄን። ከልቡ ነው የጠየቀው። ጡረታ ወጥቶ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ እኔ ስንከራተት እያየ፣ ይህንን አንድ ነገር አላወቀም ነበር።

«አይሰጡም አያቴ። ስመረቅ እንኳ የመውጫ ፈተና አለ። መጀመሪያ ሲሰጥ ካለፉት የወደቁት ይበዙ ነበር። ካለፍኩም በኋላ ራሴ ነኝ የምፈልገው።»

«ታዲያ ለምን ትማራለህ?» አለ አባቴ።

ይህንን ከአባቴ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄም ደነገጠ። ሊከራከር ተዘጋጅቶ ሳለ ሜዳው ባዶ ሆነበት። ትንሽ ዝም አለና «ቪዲዮ ማቀናበሩን እወደዋለሁ። ግን ብርሃንና ሌንስ የሚባል ነገር አለ፣ እሱ አይገባኝም። ፊዚክስ ነው መሰለኝ» አለ። አባቴ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አምጣ አለው። ያለ መነጽር ማየት ስላልቻለ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበለት። አባቴ ግማሹ አልገባውም። «እሺ፣ ድገመው» ይለዋል። ሲደግመው ለልጁ እየገባው መጣ። 40 ደቂቃ ቆጥሬያለሁ። አልተኛም።

ነገ ይተኛ ይሆናል። ደመወዜ ስንት እንደጨመረም አልመለስኩለትም፣ እሱም አልደገመውም። ማታ ብቻዬን ስቀመጥ አሰላሁት፣ ለእናንተም አልነግራችሁም።

የሪያድ_እህት

ፎቶ ልኬለታለሁ። ጓንት አድርጌ፣ ባልዲው ጋ። አይቶታል። መልስ አልጻፈም እስካሁን።

ኮብል_2005

ትንሽ ጠብቂው።

ጠመኔ

የመሀል ሰው፣ ጎሬ ነው ያልከው? በ1974? እኔ እኮ መቱ ነበርኩ ያን ጊዜ! ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ጎሬ እንወጣ ነበር። ከጎሬ የሚወርዱ የመንግሥት ሠራተኞችም ነበሩ፣ መቱ መጥተው ካርታ የሚጫወቱ። አንዱ ቀጭን ነበር፣ ዝናቡን ጠልቶ ሁለት ጃንጥላ የሚይዝ። እስቲ አባትህን ጠይቅልኝ፣ ሁለት ጃንጥላ ነበረው? ከሆነ ስልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ 5 ብሬ እሱ ጋ ነው።